የብረታ ብረት ቁርጥራጭ፦ ከማሽኑ ሥር እስከ ማቅለጫው

ቶርኖና ፍሬዛ (ብረት እየፋቁ ቅርጽ የሚያወጡ ማሽኖች) በሚሠራበት ወርክሾፕ የተጠቀለለ ፍቅፋቂ፣ ከላሜራ የተረፈ ጠርዝና ልኩን ስቶ የተጣለ ዕቃ አይጠፋም። ሁሉም ገንዘብ ወጥቶበታል። ደግነቱ ብረታ ብረት በአግባቡ ከተለየ ደጋግሞ ቢቀልጥም አያረጅም።

ትርፉ ይበልጥ የሚታየው አሉሚኒየም ላይ ነው። 1 ቶን አዲስ አሉሚኒየም ለማግኘት ባውክሳይት የሚባል ማዕድን 4 ቶን ያህል ይቆፈራል፤ ከዚያ ኤሌክትሪክ እንደ ጉድ የሚበላ ሥራ ይከተላል። ቁርጥራጩ ግን በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል። የሚፈልገው ኃይል ለአዲሱ ከሚወጣው 5 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው።

እንዲህ ሲባል ግን ሪሳይክል ማድረግ ብክነትን አያጠፋም። የቶዮታው ታይቺ ኦኖ ከዘረዘራቸው 7 ብክነቶች አንዱ ጉድለት ያለበት ምርት ነው። ዕቃው ተመልሶ ቢቀልጥም የማሽኑ ሰዓትና የሠራተኛው ድካም አይመለስም። ስለዚህ መጀመሪያ ቁርጥራጩን መቀነስ ነው፤ ለምሳሌ ላሜራው ላይ የሚቆረጡትን ቅርጾች አጠጋግቶ በመደርደር። አንዳንድ የአውሮፕላን ክፍሎችን ለመሥራት 10 ኪሎ ቲታኒየም ተገዝቶ አውሮፕላኑ ላይ የሚወጣው 1 ኪሎው ብቻ ነው። ቀሪው ፍቅፋቂ ነው።

ዋናው ጣጣ መደባለቅ ነው። የሞተር ሽቦ ከብረት ጋር ከቀለጠ መዳቡን መልሶ ማውጣት በተግባር አይቻልም፤ ብረቱም ግሎ ሲዳመጥ ላዩ ይሰነጣጠቃል። ማግኔት ብረቱን ይለቅማል፣ ብዙውን ስቴንለስ ስቲል ግን አይስብም። አንዱን የአሉሚኒየም ቅይጥ ከሌላው ለመለየትማ ዓይንም ማግኔትም አይረዱም። በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ መለኪያ አለ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ከማሽኑ ሥር ለየቅይጡ የተለየ በርሜል ማስቀመጥ ይበልጣል። አንዴ ከተደባለቀ በኋላ መለየት ውድ ነው። ፎርድ ዲርቦርን ውስጥ የኤፍ-150 መኪናን አካል ሲቆርጥ የሚተርፈውን አሉሚኒየም እዚያው በቧንቧ ይስባል፣ በየቅይጡ ለይቶም ለላሜራ አምራቹ ይመልሳል።

ፍቅፋቂ ዘይትና ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ይዞ ይመጣል። እንዳለ ምድጃ ውስጥ ከገባ ይጨሳል፤ ቀጭን ስለሆነም ከፊሉ ሳይቀልጥ ተቃጥሎ ይቀራል። ስለዚህ በሴንትሪፉጅ ተሽከርክሮ ፈሳሹ ይወጣለታል፣ ፈሳሹም ተጣርቶ ወደ ማሽኑ ሊመለስ ይችላል። ደረቁ ፍቅፋቂ በፕሬስ ተጨምቆ ጠንካራ ጥቅል ይሆናል፤ ለመጫንም ለማቅለጥም ይመቻል። የማግኒዚየም ፍቅፋቂ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከተያያዘ ውሃ መድፋት እሳቱን ያባብሰዋል።

ከውጭ የሚገዛ ቁርጥራጭ ደግሞ ሌላ ጉድ ይዞ ሊመጣ ይችላል። በ1983 መጨረሻ (እንደ ፈረንጆቹ) በሜክሲኮዋ ሲውዳድ ሁዋሬዝ አንድ የጨረር ሕክምና መሣሪያ ቁርጥራጭ ግቢ ገባ። ውስጡ የነበረው ጨረር አመንጪ ኮባልት 60 ከብረቱ ጋር ቀልጦ ፌሮና የጠረጴዛ እግር ሆነ። ነገሩ የታወቀው በጥር 1984 ፌሮ የጫነ መኪና አሜሪካ ውስጥ በሎስ አላሞስ የኑክሌር ምርምር ተቋም የጨረር መለኪያ በኩል ሲያልፍ ማንቂያው በመጮኹ ነው። ዛሬ ብዙ ማቅለጫዎች የሚገባውን ጭነት በር ላይ በጨረር መለኪያ ያሳልፋሉ።