ሰርቨር በኮድ መክፈት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ክላውድ ላይ ሰርቨር ለመክፈት ድረ ገጹን እየነካኩ ከመዋል፣ የሚፈለገውን በፋይል ጽፎ፣ ፋይሉን አንብቦ ሰርቨሩን ለሚከፍተው ቴራፎርም ለሚባል መሣሪያ መስጠት ይቀላል። መሣሪያው ከ2014 ጀምሮ አለ። ስለሱ የሚወራው ግን ሁሉም ልክ አይደለም።

«ኮዱን ካስተካከልኩ ሰርቨሩም ይስተካከላል»

አንዳንዴ አዎ። አንዳንዴ ግን ሰርቨሩ ይደመሰስና በምትኩ ሌላ ይፈጠራል። አማዞን ላይ የማሽኑን መጠን ከቲ3 ማይክሮ ወደ ቲ3 ስሞል ብትቀይሩ ማሽኑ ጠፍቶ ይበራል፣ ዲስኩ አይነካም። የተነሳበትን ኢሜጅ (ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን የያዘውን ቅጂ) ብትቀይሩ ግን ማሽኑ ራሱ ይሄዳል። ዳታቤዙ ሩት ዲስኩ (ማሽኑ የሚነሳበት ዋናው ዲስክ) ላይ ከነበረ፣ ሌላ ነገር ካላዘዛችሁ በቀር አብሮ ይጠፋል።

የባሰው ደግሞ ይሄ ነው። ብዙ ሰው ኮዱ ላይ «የቅርብ ጊዜውን ኡቡንቱ አምጣ» ብሎ ይጽፋል። አዲስ ኢሜጅ የወጣ ቀን፣ እናንተ አንድ መስመር ሳትነኩ፣ ፕላኑ (ቴራፎርም ምን ሊቀይር እንዳሰበ የሚያሳየው ዝርዝር) ሰርቨሩን ልቀይረው ይላል። ምልክቱ «-/+» ነው። ይህን ሳያዩ «የስ» ብሎ መጻፍ ድፍረት ነው። ደንበኛ የሚጠቀምበት ሰርቨር ላይ ያለ ማረጋገጫ አፕላይ ማድረግማ (ለውጡን መተግበርማ) ምን እንደምለው አላውቅም። ኢሜጁን በመለያ ቁጥሩ ጻፉት፣ ከችግሩ ትገላገላላችሁ።

«አንዴ የተጻፈ ኮድ የትም ክላውድ ላይ ይሠራል»

አይሠራም። የአጻጻፍ ቋንቋው አንድ ነው እንጂ ለአማዞን የጻፋችሁት የሰርቨር ብሎክ ለጉግልም ለሄትዝነርም አይገባቸውም። እንደ አዲስ ይጻፋል።

«ፓስወርዱን ኮዱ ላይ ሴንሲቲቭ (ሚስጥራዊ) ብዬዋለሁ፣ ተደብቋል»

የተደበቀው ከስክሪኑ ነው። ቴራፎርም የከፈተውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ስቴት ፋይል በኖትፓድ ክፈቱት፣ ፓስወርዱ አብዛኛውን ጊዜ እንዳለ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ስቴት ፋይል ጊትሀብ ላይ አይወጣም፣ ሪፖው (የኮዱ ማስቀመጫ) የግል ቢሆንም። ቦታው የተመሰጠረና ጥቂት ሰው ብቻ የሚደርስበት ስቶሬጅ ነው። ከቴራፎርም ተገንጥሎ የወጣው ተመሳሳይ መሣሪያ ኦፕንቶፉ ከ1.7 ስሪቱ ጀምሮ ስቴቱን ራሱ መመስጠር ይችላል።

«የማስነሻ ስክሪፕቱን ቀይሬ አፕላይ አድርጌያለሁ፣ አበቃ»

አማዞን ላይ ማሽኑ ጠፍቶ ይበራል፣ ስክሪፕቱ ግን በተለምዶ የሚሠራው ሰርቨሩ መጀመሪያ ሲነሳ ብቻ ነው። ስክሪፕቱ ላይ ኤንጂንኤክስ (የድረ ገጽ ሰርቨር ፕሮግራም) ጨምራችሁ ከሆነ አታገኙትም። ሥራ ላይ ያለ ማሽን ውስጡን ለማስተካከል አንሲብል የሚባለው መሣሪያ ይሻላል።

«ስቶፕ ካደረግኩት ሂሳብ አይቆጥርም»

የማሽኑ ይቆማል፣ የዲስኩ ይቀጥላል። የሙከራ ሰርቨር ከሆነ ዴስትሮይ አድርጉት (ደምስሱት)። ኮዱ እጃችሁ ላይ ስላለ ነገ መልሳችሁ ታስነሱታላችሁ።