በብርሃን መለበጥ ምንድን ነው?

ጎንደር ውስጥ የቆየ ወርቅ ቅብ መስቀሉን ሊያሳድስ ወደ ብር አንጥረኛ የሄደ ሰው፣ ቆም ብሎ ሥራውን ካየ፣ ትልቁ ድካም መለበጡ ሳይሆን ማጽዳቱ መሆኑን ያስተውላል። ላብና እድፍ ካልተጠረገ ቅቡ አይይዝም። የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ በሚቀይረው በፀሐይ ሴል ላይ መዳብ መለበጥም በዚሁ ሕግ ይተዳደራል። የሚደንቀው ግን ለልበጣው የሚያስፈልገውን ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ተለባጩ ዕቃ ራሱ መሆኑ ነው።

ባለፈው ክረምት በረዶ የሰበረውን የቤታችንን ሶላር ከጣሪያ አውርጄ አንዱን ስባሪ በአጉሊ መነጽር አየሁት። ጥቁር ሰማያዊ በሆነው ገጹ ላይ ፀጉር የሚያህሉ ነጣ ያሉ መስመሮች ጎን ለጎን ተሰምረዋል። ከብርሃን የተገኘው ኤሌክትሪክ የሚሰበሰበው በእነርሱ ነው። ቢሰፉ ፀሐይን ይጋርዳሉ፤ ቢቀጥኑ ኤሌክትሪኩ መንገድ ይጠብበዋል። በአብዛኞቹ ሴሎች መስመሩ የሚሠራው እንደ ሊጥ የላመ ብር፣ ማዕድኑን ማለቴ ነው፣ በጥሩ ወንፊት ላይ ታትሞ ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሞቀ ምድጃ ሲተኮስ ነው። ብር ውድ ነው። መዳብ ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ ከብር የሚያንሰው በጥቂት በመቶ ብቻ ሆኖ ሳለ ዋጋው እጅግ የረከሰ ነው። ልፋቱ ሁሉ ለዚህ ነው።

መዳቡ የሚያርፍበትን ቦታ የሚያዘጋጀው ሌዘር ነው። ሴሉ የተሠራበት የሲሊከን ገጽ ውፍረቱ 75 ናኖሜትር (የሚሊሜትር 75 ሚሊዮንኛ) ገደማ በሆነ ሲሊከን ናይትራይድ ተሸፍኗል፤ ሰማያዊውን ቀለም የሚሰጠው እርሱ ሲሆን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በላዩ ላይ ፎስፈረስ ያለበት አሲድ ይቀባና ሌዘሩ መስመር እያሰመረ ይሄዳል። ጨረሩ ያረፈበት ሽፋን ይገፈፋል፤ ከሥሩ ያለው ሲሊከን በ1414 ዲግሪ ለቅጽበት ቀልጦ ፎስፈረሱን ይጠጣና መልሶ ይረጋል። በአንድ ጉዞ በሩ ተከፈተ፣ ደጃፉም ተደለደለ ማለት ነው። ይህ ስልት በሲድኒ በኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ እነ ማርቲን ግሪንና ስቱዋርት ዌንሃም በ1980ዎቹ ከሠሩት፣ ብረቱ በሌዘር በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ ከሚቀበርበት ሴል የተወለደ ነው።

ከዚያ ልበጣው ይመጣል። በኬሚካል ብቻ መለበጥ ይቻላል፤ ሽቦ አይፈልግም፤ ነገር ግን ፈሳሹ መሞቅ አለበት፣ ጠባዩም ቶሎ ይለዋወጣል። ከውጭ ኤሌክትሪክ እየሰጡ መለበጥም ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን የፊቱን ገጽ በመቆንጠጫ መያዝ ግድ ነው፣ ከመቆንጠጫው የራቀው መስመርም ይቀጥናል። ሦስተኛው በብርሃን መለበጥ ነው። ሴሉ መዳብ በሟሟበት ፈሳሽ ውስጥ ገብቶ ብርሃን ይበራበታል። ብርሃኑ የቀሰቀሳቸው ኤሌክትሮኖች ፎስፈረስ ወዳለበት ገጽ ይሮጣሉ፤ እዚያ የሚጠብቃቸው የመዳብ አዮን፣ ማለትም ኤሌክትሮን የጎደለው የመዳብ አቶም፣ ይቀበላቸውና ጠጣር መዳብ ሆኖ ይቀመጣል። የኋላው ገጽ በሽቦ ከመዳብ ቁራጭ ጋር ተያይዟል፤ ቁራጩ እየሟሟ የጎደለውን ይተካል። ብርሃኑ በገጹ ሁሉ እኩል ስለሚያርፍ መዳቡም እኩል ያድጋል። ከሦስቱ እኔን የሚማርከኝ ይህ ነው።

መዳብ ግን ለሲሊከን መርዝ ነው፤ ሰርጎ ከገባ ሴሉን ያዳክመዋል። ስለዚህ አስቀድሞ ስስ ኒኬል ይለበጣል። ከ350 እስከ 400 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ሲሞቅ ኒኬሉ ከሲሊከኑ ጋር ተዋህዶ ይጨብጠዋል፤ ለመዳቡም አጥር ይሆናል። መዳቡ ከላዩ ይወፍራል፤ እንዳይዝግ ደግሞ ቆርቆሮ ወይም ብር በስሱ ይደረብበታል።

ዋናው ፈተና መያዙ ላይ ነው። ሲሊከን አየር ሲያገኘው ወዲያው ስስ የኦክሳይድ ቆዳ ያወጣል። ይህ ቆዳ ከኒኬሉ በፊት በቀጠነ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ካልታጠበ መስመሩ እንደ ልጣጭ ይነሣል። ባለሙያዎች የሚፈትኑት መስመሩ ላይ የብረት ጥብጣብ በይደው ወደ ላይ በመሳብ ነው። ጥብጣቡ መዳቡን ብቻ ይዞ ከተነሣ ማጽዳቱ ወይም ኒኬሉ ጉድለት ነበረበት። የሲሊከን ቅርፊት ገንጥሎ ከመጣ ልባጡ ይዟል።