የፓርላማ ክትትልና ቁጥጥር ምንድን ነው? ብድሩ፣ ማዳበሪያውና አዋጁ ጎጃም እስኪደርሱ

የማታ ዜና ላይ የማይጠፋ ዓረፍተ ነገር አለ። «ምክር ቤቱ በዛሬው ውሎው የብድር ስምምነት ማጽደቂያ ረቂቅ አዋጁን በሙሉ ድምፅ አጽድቋል።» ደብረ ማርቆስ ምግብ ቤት ውስጥ ይህ ሲነበብ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ብዙም የለም። የሚጠበቀው ኳሱ ነው። አይፈረድም። ነገር ግን በዚያች ዜና ውስጥ የመስኖ ቦይ፣ የማዳበሪያ ዋጋና የልጆቻችን ዕዳ ሊኖር ይችላል።

የፓርላማ ክትትልና ቁጥጥር በአጭሩ ይህ ነው፦ መንግሥት በሕዝብ ስም የሚዋዋለውን፣ የሚያወጣውንና የሚያዘውን የሕዝብ ተመራጮች አስቀድመው አይተው የሚፈቅዱበት ወይም የሚከለክሉበት፣ ከተፈጸመ በኋላም ባለሥልጣኑን ጠርተው የሚጠይቁበት ሥልጣን። ጉዳዩ መንገድ ወይም ትምህርት ቤት ከሆነ ነገሩ ይቀላል። ድልድዩ በክረምት ከተወሰደ ሁሉም ያየዋል። የውጭ ብድርና ርዳታ፣ የንግድ ስምምነትና የጸጥታ ጉዳይ ግን የሚጀመሩት በዝግ በር ነው። «ድርድር ላይ ነው»፣ «ምስጢር ነው»፣ «አስቸኳይ ነው» ይባላል። አንዳንዴ እውነትም ነው። ቁጥጥሩ የሚከብደው ለዚህ ነው፤ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

በኛ አገር የዚህ ሥልጣን ዋናው ቦታ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጀት ያጸድቃል። አስፈጻሚው አካል የተፈራረማቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ያጸድቃል። የመከላከያን፣ የደህንነትንና የፖሊስን አደረጃጀት ይወስናል፤ የነዚህ ተቋማት ሥራ የሰዎችን መብት የሚነካ ሆኖ ከተገኘም ያጣራል። ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሆነ ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ መጠየቅ ይችላል። ከአባላቱ ሲሶው ከጠየቀ ደግሞ ለአስፈጻሚው በተሰጠ ማንኛውም ሥልጣን ላይ ይወያያል። ወረቀቱ ላይ ጥርስ አለው ማለት ነው። የኔ ጥያቄ ጥርሱ የሚነክሰው መቼ ነው የሚለው ነው። ከፊርማው በፊት ወይስ በኋላ?

እስቲ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ የወጣ አንድ የብድር ማጽደቂያ አዋጅ አውጥታችሁ እዩ። ብዙ ጊዜ ከአንድ ሁለት ገጽ አያልፍም። መግቢያው ከማን፣ ስንት፣ ለምን ሥራ እንደተበደርን ይነግረናል። ከዚያ አራት አጫጭር አንቀጾች ይከተላሉ፦ አጭር ርዕስ፣ የስምምነቱ መጽደቅ፣ የገንዘብ ሚኒስቴር ሥልጣን፣ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ። አለቀ። ስምምነቱ ራሱ አብሮ አይታተምም። ከዓለም ባንክ በረጅም ጊዜ የሚገኘው የተለመደው ብድር የ6 ዓመት የእፎይታ ጊዜ፣ ማለትም ዋናው ዕዳ መከፈል የማይጀምርበት ጊዜ፣ አለው፤ 0.75 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይከፈልበታል፤ ተመልሶ የሚያልቀው በ38 ዓመት ነው። ዛሬ ሞጣ ላይ የተወለደች ልጅ ዕዳው ተከፍሎ ሲያልቅ የ38 ዓመት ሴት ትሆናለች። ብድሩ ርካሽ ነው፤ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ግን «ርካሽ ነው» ከማለት አልፎ «ምን ቅድመ ሁኔታ አለው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ዋናውን ሰነድ ማየት አለበት። ቁጥጥሩ መጀመሪያ የሚላላው እዚህ ላይ ነው።

አሠራሩም መታወቅ አለበት። ረቂቁ ለምክር ቤቱ ይቀርባል፤ ከዚያ «ለዝርዝር ዕይታ» ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው አስረጂ ጠርቶ፣ ጠይቆ፣ የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ይመለሳል። ቀጥሎ ድምፅ ነው። ቁም ነገሩ ያለው ኮሚቴው ውስጥ ነው። በአዳራሹ የሚነሳው እጅ ብዙ ጊዜ ያለቀለትን ነገር ማብሰሪያ ነው። የብድር ረቂቅ በቀረበበት ዕለት ያለ ኮሚቴ ዕይታ ከጸደቀ ግን ማን ምን እንደመረመረ መገመት ይከብዳል።

መራዊ አጠገብ ያለውን የቆጋ መስኖ ውሰዱ። ወደ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የታቀደው በአፍሪካ ልማት ፈንድ ብድር ነው። ዛሬ አቮካዶው ወደ ውጭ ይላካል፤ ስንዴውና ድንቹ በበጋ ይበቅላል። ጥሩ ነገር ነው። ከቦዩ ጫፍ ያለ የሜጫ ገበሬ ግን «ውሃው እኔ ጋ ለምን አይደርስም?» ካለ፣ ጥያቄው የወረዳ ብቻ አይደለም። ብድሩን ያጸደቀውም አካል የሚመለከተው ነው።

አሁን ወደ ፓዌ እንሂድ። ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ፓዌ ዛሬ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ውስጥ ናት። በደርግ ጊዜ ግን መተከል የጎጃም ክፍለ ሀገር አውራጃ ነበር። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ መንግሥት ከወሎ፣ ከከምባታና ሐዲያ፣ ከሌላም ቦታ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አምጥቶ በለስ ሸለቆ ላይ አሰፈረ። ጣሊያን የጣና በለስን ፕሮጀክት ይዛ መጣች። ሥራው የጣሊያኑ ተቋራጭ የሳሊኒ ነበር። ጫካው ተመነጠረ፤ ትራክተር ገባ፤ መንገድና ሆስፒታል ተሠራ። ቦታው የኖረበት የጉሙዝ ሕዝብ ግን ከአደኑም ከእርሻውም ተገፋ። እሱን የጠየቀው አልነበረም።

ገንዘቡ የመጣው ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣችው ልዩ ሕግ ከተቋቋመ የአስቸኳይ ርዳታ ፈንድ ነው። 1,900 ቢሊዮን ሊሬ በ18 ወር ውስጥ ይወጣ ተባለ። ሰው በረሃብ እያለቀ ስለሆነ ከመደበኛው አሠራር ወጣ ብሎ እንዲፈጥን ተፈቀደ። አሳቡ ቅን ይሁን አይሁን ሌላ ነገር ነው፤ ውጤቱ ግን ቁጥጥሩ ከብሩ ኋላ መቅረቱ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ጭራሽ የሚጠይቅ አልነበረም። የንጉሡን ፓርላማ ደርግ በ1967 መግቢያ ላይ በትኖታል፤ የደርጉ ምክር ቤት፣ ብሔራዊ ሸንጎ፣ የመጣው በ1979 መጨረሻ ነው። በመሀል ስምምነት ቢፈረም «ቆይ፣ እንየው» የሚል ምክር ቤት በአገር አልነበረም።

ጣና በለስ ሮም ላይ የሕዝብ እንደራሴዎችን ብዙ ካነጋገሩ የርዳታ ሥራዎች አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1994 የጣሊያን ፓርላማ የአገሪቱን የውጭ ርዳታ አሠራር የሚመረምር ኮሚሽን በሕግ አቋቋመ። ያኔ ጣሊያኖቹ ከበለስ ከወጡ ቆይተዋል። ደርግም ወድቋል። ከሰፋሪው ብዙው ወደመጣበት ተመልሷል፤ ማሽኑም ቆሟል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ለኔ የፓዌ ነገር ገንዘቡ መብዛቱ ወይም ማነሱ አይደለም። ሰጪውም ተቀባዩም አገር በሰዓቱ ጠያቂ አልነበረውም።

ንግዱስ? ጎጃም ላይ የውጭ ንግድ ፖሊሲ በዓይን የሚታየው በማዳበሪያ ጆንያ ነው። ዩሪያውና ኤንፒኤሱ በዶላር ተገዝቶ ጅቡቲ ይራገፋል። ከዚያ በከባድ መኪና ዓባይ በረሃን ወርዶ፣ ወጥቶ ደጀን ይገባል። 50 ኪሎው ጆንያ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ሲደርስ ዋጋው ላይ የምንዛሬ ፖሊሲው፣ የጨረታው ሰዓትና የድጎማው መጠን ታትመውበታል። በ2015 ክረምት ማዳበሪያ ሲጠፋ የአማራ ክልል ገበሬ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ ጮኋል። ያን ጊዜ የዘር ወቅት እያለፈ ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት በዚያው ዕለት 3.4 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ብድር ፈቀደ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ለውጡ ያስፈልግ ነበር አይደለም የሚለውን ለኢኮኖሚስቶች ልተወው። ቀኑን ግን ተመልከቱ። የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው። ሐምሌ 22 አዳራሹ ዝግ ነው። ምክር ቤቱ ነገሩን በወጉ ያገኘው በ2017 ወደ 582 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ተጨማሪ በጀት ሲቀርብለት ነው። ያን ጊዜ የቀረው ወጪውን መሸፈን ብቻ ነበር።

በጸጥታውም በኩል ክረምት አይቀርም። በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀው ሐምሌ 28 ቀን 2015 ነው። አሁንም ዕረፍት ላይ። እዚህ ላይ ግን ሕገ መንግሥቱ አስቦበታል። አንቀጽ 93 ምክር ቤቱ ሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ አዋጁ ይቅረብለት ይላል። በዚህ መሠረት ምክር ቤቱ ለአስቸኳይ ስብሰባ ተጠርቶ ነሐሴ 8 አጸደቀው። ከስድስት ወር በኋላ ጥር 24 ቀን 2016 ለአራት ወር አራዘመው። ቀነ ገደብ ያለው ቁጥጥር ይሄን ይመስላል። ለትልልቅ የኢኮኖሚ ውሳኔዎች እንዲህ ያለ ገደብ ቢኖር እመኛለሁ።

በዚያው አንቀጽ ውስጥ ብዙ ሰው የማያውቃት ነገር አለች። ምክር ቤቱ አዋጁን ሲያጸድቅ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ ያቋቁማል። የቦርዱ የመጀመሪያ ሥራ በአዋጁ ምክንያት የታሰሩ ሰዎችን ስም በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ማድረግ ነው፤ የታሰሩበትን ምክንያት ጨምሮ። ልጁ የት እንዳለ ሲፈልግ የከረመ ስንት የጎጃም ቤተሰብ ይሆን ይህን የሚያውቀው? በነገራችን ላይ የመንግሥት ወጪን የሚቆጣጠረው ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት የተቃዋሚ ፓርቲ አባልም በዚያው ክረምት ነው የታሰሩት።

ማጽደቅ ግን ሁልጊዜ ልጓም ብቻ አይደለም። ጉልበትም ይሆናል። የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነትን ምክር ቤቱ ሰኔ 6 ቀን 2005 በሙሉ ድምፅ ሲያጸድቅ፣ የዓባይ ወንዝ አቅጣጫ ለሕዳሴ ግድብ ሥራ ከተቀየረ ገና ሁለት ሳምንት ገደማ ነበር። ተደራዳሪው «ይህ የኔ አቋም ብቻ አይደለም፤ የአገር ሕግ ነው» ለማለት ቻለ። ስምምነቱ በስድስት አገሮች ጸድቆ ጥቅምት 3 ቀን 2017 በሥራ ላይ ዋለ። በአንጻሩ «የመግባቢያ ሰነድ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ምክር ቤት ሳይደርስ ይቀራል። እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2024 ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው ሰነድ ቀጠናውን ሁሉ ሲያነጋግር ሙሉ ቃሉ ለሕዝብ አልወጣም።

የሌላ አገር ፓርላማም ይመለከተናል። አሜሪካ ውስጥ የርዳታን ገንዘብ የሚመድበው ኮንግረስ ነው፤ የውጭ ንግድን የመደንገግ ሥልጣንም የሱ ነው። ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1974 ፕሬዚዳንቱ የተመደበን ገንዘብ በራሱ ፈቃድ ይዞ እንዳያስቀር የሚገድብ ሕግ አውጥቷል። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2020 የትራምፕ አስተዳደር በሕዳሴ ግድብ ድርድር ሰበብ ለኢትዮጵያ የሚሰጠውን ርዳታ በከፊል ያዘ፤ በዓመቱ ባይደን ርዳታውን ከግድቡ ለየው። አጎዋ የሚባለው ከቀረጥ ነፃ ዕድል ሕጉ የኮንግረስ ነው፤ ማን ይግባ ማን ይውጣ የሚለውን ግን ሕጉ ለፕሬዚዳንቱ ትቶታል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2022 የወጣችው በዚያ በር ነው። የአሜሪካ መንግሥት የርዳታ ድርጅት ዩኤስኤይድ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ሲያበቃም ኮንግረስ «ይዘጋ» ብሎ ድምፅ አልሰጠም። በዚያው ወር ያጸደቀው ለውጭ ርዳታ ከተመደበው ወደ 8 ቢሊዮን ዶላር እንዲሰረዝ ነው። ትልቅ ፓርላማም ይቀደማል።

የኛ የምክር ቤት አባላት በዕረፍት ጊዜያቸው ወደ ምርጫ ክልላቸው ይወርዳሉ። ቡሬም፣ ቢቸናም፣ እንጅባራም አዳራሽ ይዘጋጃል። ብዙ ጊዜ የሚነሳው ውሃ፣ መብራትና መንገድ ነው። እነሱ ይነሱ። ከዚያ ግን አንድ ሰው ማይኩን ይዞ በዚህ ዓመት ስንት የብድር ስምምነት እንዳጸደቁ፣ ከነዚያ ስንቱን ሙሉ ሰነድ እንዳነበቡ፣ ስንቱስ ወደ ቋሚ ኮሚቴ ሳይመራ በዕለቱ እንዳለፈ ይጠይቃቸው። ለከርሞ ማዳበሪያ የተያዘው ድጎማ ስንት እንደሆነ ደግሞ አብሮ ይጠየቅ፤ ቁጥሩ በጀቱ ውስጥ አለ፤ ድምፅ የሰጡበትም ራሳቸው ናቸው።