ፎብ፦ የአፓርትመንቱን በር የሚከፍተው ማነው?

አሜሪካ ውስጥ አፓርትመንት የተከራየ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት መክፈቻ ይረከባል። ለራሱ ቤት የብረት ቁልፍ፣ ለሕንፃው መግቢያ ደግሞ ፎብ። ፎብ ከቁልፍ ጋር የምትንጠለጠል፣ አውራ ጣት የምታህል ፕላስቲክ ናት። ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሐበሻ በደንብ ያውቃታል።

ባትሪ የላትም። ውስጧ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦና ትንሽዬ ቺፕ ብቻ ነው ያለው። በሩ ጎን የተለጠፈው ሪደር (ፎቧን የሚያነብ መሣሪያ) ዙሪያውን ደካማ ሞገድ ይለቃል። ፎቧ ስትጠጋው ሽቦው ከሞገዱ ኃይል ያገኛል፤ ቺፑም ነቅቶ ቁጥሩን ይልካል። ጢጥ ይላል፣ አረንጓዴ መብራት ይበራል፣ በሩ ቀጭ ብሎ ይለቃል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ቻርለስ ዋልተን የተባለ የካሊፎርኒያ ሰው እ.ኤ.አ. በ1973 በሬዲዮ ሞገድ በር ለሚከፍት ካርድ የባለቤትነት መብት አግኝቷል።

ቁጥሩ ብቻውን ግን በር አይከፍትም። ሪደሩ ቁጥሩን ሌላ ቦታ ወደተቆለፈበት መቆጣጠሪያ ሳጥን ያስተላልፋል። ሳጥኑ መዝገቡን ያያል። ይህ ቁጥር አለ? ለዚህ በር ተፈቅዶለታል? በዚህ ሰዓትስ? ለዚህ ነው ሎቢውን የከፈተች ፎብ ማታ ጂም በር ላይ ቀይ የምታበራው። ፎብ ጠፋ ሲባልም ማኔጅመንቱ ያችን ቁጥር ይሰርዛል፣ አለቀ። የብረት ቁልፍ ቢሆን ጋኑን ቀይሮ ለነዋሪው ሁሉ አዲስ ቁልፍ ማደል ነበር። የቤት ባለቤቶች የወደዱት ይህንን ነው። ተከራይም ይጠቀማል፤ ብቻ የመሰረዝ ሥልጣኑ ያለው ቢሮው እጅ እንጂ እሱ ጋ አይደለም።

መብራት ሲጠፋስ? እንደ በሩ ነው። በኤሌክትሪክ ማግኔት የተያዘ በር፣ መጠባበቂያ ባትሪ ከሌለው፣ ይለቃል። ሌላው ዓይነት ከውጭ እንደተቆለፈ ይቆያል፤ ከውስጥ ግን እጀታው ይከፍተዋል። እሳት ቢነሳ ሰው ታግቶ መቅረት የለበትም።

ደካማ ጎኗ መቀዳቷ ነው። በ125 ኪሎ ኸርዝ ሞገድ የሚሠሩት የድሮዎቹ ፎቦች ለጠየቃቸው ሁሉ ያችኑ ቁጥር ይናገራሉ። በርካሽ ማባዣ በደቂቃ ይገለበጣሉ። በ13.56 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራው ሚፌር ክላሲክ የተባለ ቺፕ እ.ኤ.አ. በ1994 መረጃውን የሚሸሽግ ምስጢራዊ ስሌት ቋጥሮ መጣ። በ2007 መጨረሻ ተመራማሪዎች በርሊን ላይ ምስጢሩን መፍታት እንደጀመሩ አሳዩ። በ2008 የኔዘርላንድ ራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጨረሱት። አምራቹ ኤንኤክስፒ ጥናቱ እንዳይታተም ፍርድ ቤት ሄዶ ነበር፤ አልተሳካለትም። አዳዲሶቹ ፎቦች የተሻሉ ናቸው። ሪደሩ በየጊዜው አዲስ ጥያቄ ያቀርባል፣ ፎቧ በምስጢሯ አስልታ ትመልሳለች፣ ምስጢሩ ራሱ በአየር ላይ አይወጣም። ያም ሆኖ «ግቡ፣ ግቡ» ብሎ በር ለሚይዝ ደግ ጎረቤት መድኃኒት አልተገኘም።

እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ መዝገቡ ነው። ሲስተሙ ማን፣ የትኛውን በር፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደከፈተ ይይዛል። ብሩክሊን ውስጥ በአትላንቲክ ፕላዛ ታወርስ በፎብ ይገቡ የነበሩ ተከራዮች ፊት የሚለይ ካሜራ ሊተከልባቸው ሲል ተቃወሙ፤ ባለቤቱም እ.ኤ.አ. በ2019 ሐሳቡን ተወ። በ2021 የኒውዮርክ ከተማ በፎብ፣ በፊት መለያና በመሳሰለው የሚከፈት መግቢያ ላላቸው የመኖሪያ ሕንፃዎች የተከራይ መረጃ ሕግ አወጣ። ባለቤቱ መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት የተከራዩን ፈቃድ ማግኘት አለበት። የመግቢያ መረጃውን በ90 ቀን ውስጥ ማጥፋት አለበት፤ ተከራይን ለማስጨነቅ ወይም ለማስወጣት ሊጠቀምበት አይችልም። መረጃውን ከሸጠ ደግሞ ተከራዩ ሊከሰው ይችላል።