ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ

አራት ኪሎ ለምትኖረው አክስቴ ባለፈው ክረምት ስልክ ተደወለላት። ደዋዩ ጨዋ ነው። በየመሃሉ «እናቴ» ይላታል። ከዋናው መሥሪያ ቤት እንደሆነና መስመሯን ሊያድስላት እንደደወለ ነገራት። ገንዘብ አልጠየቀም። «አሁን በመልእክት የሚገባልዎትን ቁጥር ብቻ ያንብቡልኝ» አለ። መነጽሯን ፈልጋ አንድ በአንድ አነበበችለት። ስልኩን የዘጋችው መርቃው ነው።

ማታ ከእሷ ቴሌግራም «ወንድሜ፣ 5,000 ብር ቶሎ ላክልኝ፣ ነገ እመልሳለሁ» የሚል መልእክት ደረሰኝ። አክስቴ በሕይወቷ «ወንድሜ» ብላኝ አታውቅም። «የኔ ጌታ» ነው የምትለኝ። ይህ ተረት ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

ተረቱን አብዛኞቻችን እናውቀዋለን። አንዳንዱ «በማያውቁት አገር» ይላል፤ ነገሩ ያው ነው። አመሉ የማይታወቅበት ቦታ ሄዶ፣ ሌላ ሰው መስሎ፣ የማይገባውን ክብር ለሚጠይቅ ሰው ይተረታል። የሰፈሩን ዕቁብ በልቶ የጠፋው ሰውዬ ሌላ ሰፈር ገብቶ «የዕቁብ ዳኛ ልሁን» ካለ፣ በቃ፣ ጅቡ መጣ።

ጣዕሙ ያለው ግን ቁርበቱ ላይ ነው። ቁርበት የደረቀ የከብት ቆዳ ነው። ድሮ እንግዳ ሲመጣ መደቡ ላይ ይነጠፍለትና ይተኛበታል። ለጅብ ግን ቁርበት መኝታ ሳይሆን እራት ነው። አጥንት የሚከሰክስ መንጋጋ ለደረቅ ቆዳ አይሰንፍም። በአገሩ ቢጠይቅ ማን ያነጥፍለታል? ስለዚህ ከማያውቁት ዘንድ ሄደ። ብልጠቱን እዩልኝ እንግዲህ። «አብሉኝ» አላለም፤ «አንጥፉልኝ» አለ፣ እንደ ደከመው መንገደኛ። ተረቱም «አለ» ብሎ እዚያው ያበቃል። ሌሊት የሆነውን አይነግረንም።

የአክስቴ ቁርበት ያ ቁጥር ነበር፤ የቴሌግራሟ መክፈቻ።

በአማርኛ ሃከርን «ሰርሳሪ» ወይም «ጠላፊ» እንለዋለን። ሰርሳሪ የጭቃ ቤት ግድግዳ በሌሊት ቦርቡሮ የሚገባ ሌባ ነው። ጠላፊ ደግሞ ልጃገረድ ከመንገድ ነጥቆ የሚሄድ። ሁለቱም ቃላት ጉልበት ጉልበት ይሸታሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከስመ ጥሮቹ ሃከሮች ብዙዎቹ ግድግዳ አልነኩም። ደጅ ቆመው «የመሸበት እንግዳ» ነው ያሉት።

ነገሩ የጀመረው ከኮምፒውተር ሳይሆን ከስልክ ነው ቢባል ብዙም ስህተት አይሆንም። በ1950ዎቹና 60ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ የረጅም ርቀት ስልክ ማሽኖች የሚግባቡት በድምፅ ነበር። 2,600 ኸርዝ የሆነ ፉጨት ከተሰማ መስመሩ ነፃ ነው ማለት ነው። የማሽኑ ትእዛዝም የሰው ወሬም የሚያልፉት በአንድ መስመር ነው። ጆ ኢንግሬሲያ የተባለ ዓይነ ስውር ልጅ ገና በ7 ዓመቱ ያንን ድምፅ በአፉ እያፏጨ መስመር መቁረጥ እንደሚችል ደረሰበት። ጆን ድሬፐር ደግሞ ከቁርስ እህል ካርቶን ውስጥ በሚገኝ የልጆች ፊሽካ ያንኑ አደረገ። የእህሉ ስም «ካፕቴን ክረንች» ነበር፤ ለእሱም ቅጽል ስም ሆኖ ቀረ። ማሽኑ የባለቤቱን ድምፅ ከሕፃን ፊሽካ አይለይም። ጅቡን አያውቀውም፤ አነጠፈለት።

ከአፕል ኩባንያ መሥራቾች አንዱ የሆነው ስቲቭ ዎዝኒያክም ገና ኩባንያው ሳይመሠረት ይህን ድምፅ የሚያወጣ «ሰማያዊ ሣጥን» ሠርቶ ነበር። ራሱ እንደሚያወራው፣ ቫቲካን ደውሎ፣ ያኔ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት አማካሪ የነበረውን ሰው መስሎ «ሄንሪ ኪሲንጀር ነኝ፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱን አገናኙኝ» አለ። ተኝተዋል ተባለ። በኋላ መልሶ ሲደውል አንድ ጳጳስ «እኔ አሁን ከኪሲንጀር ጋር ተነጋግሬያለሁ» አለው። እዚያ አገር ጅቡን የሚያውቅ ሰው ተገኘ ማለት ነው።

ለተረቱ ልክክ የሚለው ግን አሜሪካዊው ሃከር ኬቪን ሚትኒክ ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. የ16 ዓመት ልጅ ሳለ የአንድ ትልቅ የኮምፒውተር ኩባንያ ሥርዓት ውስጥ መግባት ፈለገ። ለኃላፊው ደወለና ከኩባንያው ዋና ፕሮግራመሮች አንዱ ነኝ፣ መግባት አቃተኝ አለ። ኃላፊው ልጁ ራሱ የመረጠውን የይለፍ ቃል አስገባለት። በስልክ፣ በትህትና። በሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. የእነ ኦባማና የእነ ቢል ጌትስ የትዊተር አካውንት የተጠለፈውም፣ የኩባንያው ሠራተኞች በስልክ ተታለው ነው። በመካከላቸው 41 ዓመት አለ። ቁርበቱ አልተቀየረም።

ለነገሩ ስልክ ራሱ «የማያውቁት አገር» ነው። ፊት የለም። መርካቶ ሱቅ ብትገባ ነጋዴው ዓይንህን አይቶ ይመዝንሃል። በስልክ ያለው ድምፅና «እናቴ» የሚል ቃል ብቻ ነው።

እኔም በማግስቱ አክስቴ ቤት ሄጄ ጮህኩባት። እንዴት ቁጥር ትሰጫለሽ! እሷ ቡናዋን እየቀዳች አዳመጠችኝና «የኔ ጌታ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለችኝ። ዝም አልኩ። አካውንቱን ለማስመለስ ሁለት ቀን ፈጀብን።

ከሳምንታት በኋላ ሌላ ደዋይ መጣ። ይኼም ጨዋ ነው፤ ይኼም «እናቴ» ይላል፤ ይኼም ቁጥር ያንብቡልኝ ይላል። አክስቴ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ልጄ» አለችው፣ «ቁርበቱን ያለፈው እንግዳ በልቶታል።»