የኤደንብራ መስፍን ኤደንብራን ያስተዳድራሉ?

ጥያቄው ደጋግሞ ስለተነሣ በአጭሩ ላስረዳ። የስኮትላንድ ዋና ከተማ የሆነችውን ኤደንብራን አያስተዳድሩም። መስፍን፣ በእንግሊዞች አጠራር ዱክ፣ ከአምስቱ የብሪታንያ የመኳንንት ማዕረጎች ከፍተኛው ነው፤ ከማዕረጉ ጋር የሚጠራው ቦታ ግን የመግዛት ሥልጣን አይሰጥም። ቃሉ በላቲን መሪ፣ በተለይም የጦር መሪ ማለት ነበር። በእንግሊዝ የመጀመሪያው መስፍን እ.ኤ.አ. በ1337 የኮርንዎልን ማዕረግ ያገኘው የንጉሥ ሣልሳዊ ኤድዋርድ የበኩር ልጅ ነው።

ከማዕረግ ማዕረግ የሚለያየው ውርሱ ነው። ይህን የሚወስነው ማዕረጉ የተሰጠበት የንጉሥ ደብዳቤ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ወንድ ልጅ ይተላለፋል። የኤደንብራው ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ለንጉሥ ቻርልስ ታናሽ ወንድም ለልዑል ኤድዋርድ የተሰጠው ለዕድሜ ልካቸው ብቻ ስለሆነ ልጃቸው አይወርሰውም። አባታቸው ልዑል ፊሊፕ የያዙት ግን የሚወረስ ነበር፤ በ2021 ሲያርፉ ወደ በኩር ልጃቸው ቻርልስ አለፈ፣ ቻርልስ በ2022 ሲነግሡም ከዘውዱ ጋር ተዋሕዶ ቀረ።