ፎስፌት ዝገትን «ይገድላል» ሲባል
«ዝገት ቀያሪ» ተብለው ከሚሸጡት ፈሳሾች ብዙዎቹ ፎስፎሪክ አሲድ አለባቸው። አሲዱ ቀዩን ዝገት ወደ ጠቆር ያለ የብረት ፎስፌት ይለውጠዋል እንጂ ብረቱን ከባሕር አይጋርደውም። ሽፋኑ ስስና ባለ ቀዳዳ ነው፤ በሊትር 19 ግራም ገደማ ክሎራይድ ያለው የባሕር ውሃ በቀዳዳዎቹ ሰርጎ ብረቱን ከሥር እየቦረቦረ ይበላዋል። የፎስፌቱ ዋና ጥቅም ቀለሙ ብረቱን አጥብቆ እንዲይዝ ማድረጉ ነው።

ስለዚህ የጀልባ ብረት መጀመሪያ በቧንቧ ውሃ ከጨው ይጸዳል፤ የሚፈረፈረው ዝገት በሽቦ ብሩሽ ይነሳል፤ ከዚያ አሲዱ ይቀባል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው፦ ከዝገቱ ጋር ያልተዋሃደ አሲድ ከሥር ከቀረ ከላይ የሚቀባው የኢፖክሲ ቀለም ውሃ እንደቋጠረ ቆዳ ያብጥና ይላጣል። ትርፉን አሲድ አንዳንዱ ምርት ላይ ማጠብ ያስፈልጋል፣ አንዳንዱ ግን መታጠብ የለበትም፤ የጣሳውን መመሪያ ማንበብ ግድ ነው።

ዝገትን ለመከላከል ውሃ ውስጥ የሚጨመር ፎስፌትም ከባሕር አያድንም፤ በባሕር ውሃ ውስጥ ያለው ካልሲየም ይዞት ይዘቅጣል።